ዋን ባይ ዋኮም፦ ከሒሳብ ክፍል ያወጣችኝ የሥዕል ታብሌት

ደሴ ውስጥ ሎጎ፣ የሠርግ ካርድና የልጆች መጽሐፍ ሥዕል እየሠራሁ ነው የምኖረው። ከዚያ በፊት የአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ፒያሳ ላይ ሲያገኙኝ ያስቆሙኛል። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው፤ «እኔም ልለቅ እያሰብኩ ነው፤ በምን ልጀምር?» መልሴም አይለወጥም። ደሞዝ እየበላችሁ ዕቃውን ግዙ፣ ደሞዝ እየበላችሁ እጃችሁን አፍታቱ፣ ከዚያ ልቀቁ እላቸዋለሁ። እኔ የገዛሁት የዋኮምን ትንሿን ታብሌት ነው። ስሟ ዋን ባይ ዋኮም ይባላል፤ የሞዴል ቁጥሯ ሲቲኤል 472። ዛሬም የምሠራው በእሷ ነው። ምን እንደምትችል፣ ምን እንደሚጎድላት፣ ለማን እንደምትሆን በደንብ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። ታብሌት ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት እንደ ስልክ የሚበራ ነገር ነው። ይቺ አትበራም። ስክሪን የላትም። ከፊት ጥቁር፣ ከጀርባ ቀይ የሆነች ስስ ሰሌዳ ናት። በዩኤስቢ ገመድ ላፕቶፕ ላይ ትሰካላችሁ። ሰሌዳዋ ላይ በብዕሩ ስትስሉ መስመሩ የሚወጣው ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ነው። እጅ ታች፣ ዓይን ላይ። ውፍረቷ 8.7 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 251 ግራም ነው። የሚሳልበት ቦታ 152 በ95 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ፖስት ካርድ ብዙም አይለይም። ዋኮም በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ይቺ ደግሞ ከታብሌቶቹ መካከል ለጀማሪ ብሎ የሚያወጣት ናት።

እዚህ ደሴ ላይ ከሁሉም በላይ የምወድላት ብዕሩ ባትሪ የሌለው መሆኑን ነው። ቻርጅ አይደረግም። ታዲያ በምን ይሠራል ብትሉ፣ ከሰሌዳው ሥር የተዘረጋው ሰርኪዩት ደካማ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ይለቃል። ብዕሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ከዚያ ላይ ጉልበት ይወስድና መልሶ ምልክት ይልካል። ሰሌዳው ከምልክቱ ተነስቶ ጫፉ የት እንዳለና ምን ያህል እንደተጫናችሁ ያውቃል። ሰሌዳዋ ራሷ የምትፈልገው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ከላፕቶፑ በገመዱ የሚመጣው ይበቃታል። እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ሥራ አይቆምም። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲያለብስና መብራቱ ሄድ መጣ ሲል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለደንበኛ «ነገ ጠዋት ይደርሳል» ብዬ ቃል ስገባ ሳልሰጋ የምገባው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሮ ውስጥ መብራት ከጠፋ ሁላችንም ቁጭ እንላለን፤ ደሞዙ አይቀርም። በራስ ሥራ ላይ ግን የጠፋው ሰዓት የራስ ሰዓት ነው።

ስለ ሒሳብ ክፍሉ ትንሽ ላውራ፤ ምክንያቱም ታብሌቷን ከዚያ ነጥዬ ማየት አልችልም።

ሥራው ክፉ አልነበረም። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበሩ። ደሞዝ በቀኑ ይገባል። ግን ቀኑ የሚያልቀው የክፍያ ቨውቸርን ከደረሰኝ ጋር በማያያዝ፣ ኤክሴል ላይ በመመዝገብ፣ ለፊርማ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በመዞር ነው። ወሩ ሲዘጋ ቦክስ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ኦዲተር እስኪመጣ ድረስ ማንም አይከፍተውም። ሰው ለፍቶ የሠራው ነገር ሌላ ሰው ዓይን ላይ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ። የእኔ አይደርስም ነበር። ሰኞ ሰኞ በመስኮት ወደ ሰኞ ገበያ የሚወርደውን ሰው አያለሁ። የባልቴቶቹን የነጠላ አጣፋፍ፣ የተጫነ አህያ፣ በጀርባ የታዘለ የስፌት ዕቃ። መሳል ያምረኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ግን ፔሮል ነው። ቤት ስገባ ደክሞኛል። ድካሙ የጉልበት አይደለም፤ ምንም ሳይሠሩ የመዋል ድካም ነው። ቢሮ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ።

ዕቃውን ያገኘሁት አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን ገዝቶ በአውቶብስ ልኮልኝ ነው። ደሴ ያሉ የኮምፒውተር ሱቆች ላፕቶፕና ፕሪንተር አያጡም፤ የሥዕል ታብሌት ግን እኔ በጠየቅሁ ጊዜ ያለው ሱቅ አላገኘሁም። ዋጋውን በብር ብጽፍላችሁ ነገ ላይሠራ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋጋ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣል። እኔ የከፈልኩት ከወር የተጣራ ደሞዜ ትንሽ ከፍ ይል ነበር። እማዬ ሳጥኑን ገልብጣ አየችውና «ያን ሁሉ ብር የበላው ይሄ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለማያውቀው ሰው ፕላስቲክ ነው። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ያወቅሁት ነገር አለ፤ ደሞዝ ያለው ሰው የወር ደሞዙን አውጥቶ ዕቃ ቢገዛ በሚቀጥለው ወር ሌላ ደሞዝ አለው። ከለቀቃችሁ በኋላ ያንኑ ዕቃ ለመግዛት የምታወጡት ብር የቤት ኪራይ ነው፤ ጤፍ ነው። ለዚህ ነው በቅድሚያ ግዙ የምለው።

አሁን ወደ አገጣጠሙ። ሰክታችሁ ብቻ አትጀምሩ። ከዋኮም ድረ ገጽ ድራይቨሩን፣ ማለትም ታብሌቷን ከላፕቶፑ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ አውርዳችሁ ጫኑ። ያለ ድራይቨር ብዕሩ እንደ ማውዝ ይንቀሳቀሳል እንጂ ማስተካከያዎቹ የሉም። ከዚያ አንድ ክብ ስሉ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን የሳልኩት ክብ ሁሉ ወደ ጎን የተለጠጠ ሆኖ ይወጣ ነበር። ክብ ለመሳል እጄን ባዞርም የሚወጣው ሞላላ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። የታብሌቷ የሥዕል ቦታ 152 በ95 ነው፤ የስፋትና የቁመት ምጣኔው 16 ለ10። የእኔ ላፕቶፕ ስክሪን፣ እንደ አብዛኛው ርካሽ ላፕቶፕ፣ 1366 በ768 ነው፤ ይሄ ደግሞ 16 ለ9። ሰሌዳው በሙሉ ስክሪኑ ላይ በሙሉ ሲዘረጋ ስፋቱ ከቁመቱ የበለጠ ይሳባል። በእኔ ስክሪን ላይ ልዩነቱ 11 በመቶ ገደማ ነው። ለፊርማ ምንም አይደለም። ለሰው ፊት ግን ብዙ ነው፤ የሳላችሁት ሰው ሁሉ ጉንጩ ይነፋል።

መድኃኒቱ ድራይቨሩ ውስጥ አለ። ብዕሩ ከስክሪኑ ጋር የሚዛመድበት ገጽ ላይ «ፎርስ ፕሮፖርሽንስ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷን ምልክት አድርጉባት። ከታች 9 ሚሊ ሜትር ገደማ የሰሌዳ ቦታ ትከስራላችሁ፤ በምትኩ ክቡ ክብ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ እጁን ይወቅሳል፣ «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ ይተዋል። እጁ ደህና ነው። ሳጥኗ ናት ያልተነካችው።

ሁለተኛው ማስተካከያ የግፊቱ ነው። ይቺ ታብሌት የእጅን ግፊት በ2048 ደረጃ ትለያለች። ጫን ስትሉ መስመሩ ይወፍራል፤ ቀለል ስትሉ ይቀጥናል። ይህ ለግዕዝ ፊደል የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። ፊደላችን ወፍራም እግርና ቀጭን መገናኛ አለው፤ ውበቱ ያለው በሁለቱ ልዩነት ላይ ነው። ከእኛ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን መጻሕፍት ይጻፉበት የነበረ ገዳም ነው። በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጻፈው ወንጌል በስማቸው ይጠራል። የብራና ጸሐፊ ያንን ወፍራምና ቀጭን የሚያመጣው የቀሰሙን አፍ ቀርጾ፣ እጁን አዙሮ ነው። እኔ የማመጣው በግፊት ነው። ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ ግን በማውዝ ከሚሠራው ጋር አይወዳደርም። በማውዝ «ሐ»ን ጻፉና እዩት። ከዚያ በዚህ ብዕር ጻፉት።

የምሠራባቸው ፕሮግራሞች ሁለቱም በነጻ የሚወርዱ ናቸው። ክሪታ ለሥዕሉና ለእጅ ጽሑፉ፣ ኢንክስኬፕ ለሎጎና ለኅትመት። ክሪታ ውስጥ ግፊታችሁ መስመሩን ምን ያህል እንደሚያወፍር የሚወስን ግራፍ አለ፤ እሱን ለእጃችሁ ታስተካክላላችሁ። የእኔ እጅ ከበድ ይላል፤ ሒሳብ ክፍል ሦስት ኮፒ በካርቦን ስጽፍ የለመድኩት ይመስለኛል። ግራፉን ዝቅ ሳደርገው ብዕሩ እሺ አለኝ። በክሪታ የጻፍኩትን ፊደል ኢንክስኬፕ ውስጥ አስገብቼ ወደ ቬክተር፣ ማለትም በነጥብ ሳይሆን በመስመር ቅርጽ ወደሚቀመጥ ሥዕል፣ እቀይረዋለሁ። ያኔ በቢዝነስ ካርድም ሆነ በትልቅ ባነር ላይ ቢወጣ ጠርዙ አይፈርስም።

ጉድለቷን ደግሞ ሳልሸፋፍን ልናገር።

ትንሽ ናት። ከትከሻ ጀምሮ እጅን ወርውሮ መሳል የለመደ ሰው ትጠብበዋለች። ሁሉም ነገር ከእጅ አንጓ ነው የሚሆነው። ረጅም ሰዓት ስሠራ አንጓዬን ያመኛል፤ ስለዚህ እየተነሳሁ ቡና አፈላለሁ። ረጅም ቅስት ያለው ሥዕል ሲመጣ ሸራውን አቅርቤ በክፍል በክፍል እስላለሁ። ጎኗ ላይ አቋራጭ ቁልፎች የሏትም። ብዕሩ ላይ ግን ሁለት አሉ። እኔ አንዱን ቀኝ ክሊክ አድርጌዋለሁ። ክሪታ ላይ እሱን ስጫነው ብሩሾቹና ቀለሞቹ በክብ ሆነው ብዕሩ ሥር ይወጣሉ። ግራ እጄ ኪቦርዱ ላይ ነው፤ ስሰርዝ፣ ሳጎላ፣ ሳሽከረክር። ይህን ከለመዳችሁ የሰሌዳው ቁልፍ አይናፍቃችሁም። ብዕሩ ጀርባው ላይ ላጲስ የለውም፤ ዘንበል ማድረጉንም ታብሌቷ አታነብም። እንደ እርሳስ አጋድሞ ጥላ መቀባት ለሚወድ ሰው ይሄ ይጎድለዋል። እኔ መስመር ነው የምሠራው፤ አልጎዳኝም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ዓይንና እጅን ማለያየት ነው። ወረቀት ላይ የሳለ ሰው እጁን እያየ ነው የሚስለው። እዚህ እጁን አያይም። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፤ ብዕሩን ታነሳላችሁ፣ ስታወርዱት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ይህን የሚፈታው መድገም ብቻ ነው። ይሄው እንደገና ወደ ምክሬ መጣሁ። ይህ የመንተባተብ ጊዜ ደሞዝ እየገባ ቢያልፍ ይሻላል። እኔ ማታ ማታ ከእራት በኋላ፣ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቀመጥ ነበር። የሚከፍለኝ ሰው የለም፤ የሚያጣድፈኝም የለም። የእማዬን እጅ፣ ረከቦቱን፣ ከመናፈሻ ቁልቁል የሚታየውን ከተማ እስላለሁ። ደንበኛ እየጠበቀ እጅን ማፍታታት ከባድ ነው።

የመጀመሪያው የሚከፈልበት ሥራ የመጣው ከዚያው ቢሮ ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ልታገባ ነበር፤ የኒካህ ጥሪ ካርድ ፈለገች። ከላይ ቢስሚላህ በዓረብኛ፣ ከሥር የሙሽሮቹ ስም በአማርኛ በእጅ ጽሑፍ። ደሴ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ካርድ ብዙ ነው፤ ሁለቱን ጽሕፈት አንድ ወረቀት ላይ አስማምቶ ማስቀመጥ ግን ጥበብ ይጠይቃል። ዓረብኛውን የሚያውቅ ሰው ጽፎ ሰጠን፤ እኔ በላዩ ላይ ተከትዬ አወጣሁት። ብዕሩ ከቀኝ ወደ ግራም ያው ነው። ካርዱ ሲታተም መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተቀባበለው። እማዬም «ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ብላ አንዱን ወስዳ ለጎረቤት ስታዞር ዋለች። በዓመታት የሒሳብ ሥራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ አንዱ ሌላውን አመጣ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ እንቅልፍ የለም። ከዒድ በኋላም የኒካህ ጥሪ ይበዛል። መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ስለሆነ ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን ብዙው ደሴን ረግጦ ነው የሚያልፈው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ሆቴሎች ሜኑና ባነር ያድሳሉ። ዐቢይ ጾምና ሐምሌ ነሐሴ ሥራው ይቀዘቅዛል። በዚያ ጊዜ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል እሠራለሁ። ይህን ወቅት ሳታውቁ ሥራ አትልቀቁ። ደሞዝ በየወሩ እኩል ነው፤ የእኛ ሥራ አይደለም።

የማታው ገቢ ደሞዜን እየተጠጋ ሲሄድ ደብዳቤ ጻፍኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ሰጠሁ። ክሊራንስ ጨርሼ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ያዝኩ። ይህንን አትናቁ፤ ነገ የሚያስፈልግ ወረቀት ነው። ሌላም አትርሱ። ደሞዝ ላይ እያለን 7 በመቶ ከእኛ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ለጡረታ ይገባል። ከለቀቁ በኋላ ይህን የሚያስገባላችሁ የለም። እኔ ከእያንዳንዱ ሥራ ላይ ቀንሼ ዕቁብ እጥላለሁ። የለቀቅሁ ቀን ያቺው ሙሽራ በር ድረስ ሸኝታኝ «አብሽሪ፣ ሪዝቅ ከአላህ ነው» አለችኝ። ያ ቃል ብዙ ቀን አበረታኝ።

ክብደቷ ቀላል መሆኑ የገባኝ ኮምቦልቻ ስመላለስ ነው። ብዙ ደንበኞቼ እዚያ ናቸው። ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ ትገባለች። ሚኒባስ ይዤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ስወርድ ብርዱ ከኋላ ይቀራል፤ ሹራብ ይወልቃል። አንድ ቀን ቡና ቤት ሊከፍት ያለ ሰው ጋ ተቀመጥኩ። ጀበና ያለበት ሎጎ ይፈልጋል። ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ ሰክቼ እያየ ሳልኩለት። «እህቴ፣ አንገቷ አጠረ» አለኝ። ሳብ አደረግኋት። «እጀታዋንም ትንሽ ወፈር አድርጊያት፤ የእናቴ ጀበና እንደዚያ ነው።» ጫን ብዬ በላዩ ሄድኩበት። ቁጭ ብሎ መስመሩ ሲወፍር ያያል። ከዚያ በኋላ ማስተካከያ አልጠየቀኝም፤ አብሮኝ ስለሠራው። ቀብዱንም እዚያው በቴሌብር ላከልኝ። በወረቀት ስዬ፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ ብልክለት ኖሮ ሳምንት ይፈጅ ነበር። ለዚህ ሥራ ከዚህች ትንሽ ሰሌዳ የተሻለ አላውቅም።

ቀብድ ካልኩ አይቀር፣ ግማሹ ሳይገባ ብዕር አላነሳም። ሁለት ጊዜ ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ይታሰባል። ይህን መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ አሳውቃለሁ። የሒሳብ ክፍል ልምዴ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የገባና የወጣውን መመዝገብ፣ ደረሰኝ ማስቀመጥ፣ ለግብር መዘጋጀት ከዚያ ያመጣሁት ነው። ፍሪላንስ የሚሠሩ ጎበዝ ሠዓሊዎች አውቃለሁ፤ ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው ሥዕሉ ሳይሆን ይሄ ነው። የውጭ ደንበኛ ለምትፈልጉ፣ ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ መቀበያ ሆኖ እንደማይሠራ ከወዲሁ እወቁ። ሥራ ከመያዛችሁ በፊት ገንዘቡ በምን መንገድ ወደ ባንክ ሒሳባችሁ እንደሚገባ ባንካችሁን ጠይቁ። የእኔ ሥራ አብዛኛው የአገር ውስጥ ነው።

ስለ ማተሚያ ቤት ደግሞ አንድ ነገር። የመጀመሪያ ሥራዬን በፍላሽ ይዤ አራዳ አካባቢ ወዳለ ማተሚያ ቤት ስሄድ ጋሼ ፋይሉን ከፈቱት፤ በፎንት የጻፍኩት አማርኛ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። የእኔ ፎንት እሳቸው ኮምፒውተር ላይ የለም። «ልጄ፣ ፊደሉን ወደ ከርቭ ቀይሪና በፒዲኤፍ አምጪልኝ» አሉኝ። ኢንክስኬፕ ላይ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» የሚለው ነው። ፊደሉ ፊደል መሆኑ ይቀርና ቅርጽ ይሆናል፤ የትም ቢከፈት አይበተንም። በእጅ የጻፍኩት ግን ከመጀመሪያውም ቅርጽ ነው፤ ይህ ችግር የለበትም። በእጅ መጻፍ ከወደድኩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ጋሼ ዛሬ የእኔን ፋይል ሳያዩ ወደ ማሽኑ ይልኩታል።

ከሌሎቹ ጋር ላወዳድርላችሁ። የዚህችው ታላቅ እህት አለች፤ ሲቲኤል 672 ትባላለች፤ የሥዕል ቦታዋ 216 በ135 ሚሊ ሜትር ነው። ብዕሩ ያው ነው፣ የግፊት ደረጃው ያው ነው። በትልቅ ሞኒተር የምትሠሩና የማትንቀሳቀሱ ከሆነ እሷ ትሻላችኋለች። ኤክስፒ ፔን ስታር ጂ640 የምትባል በርካሽ የምትገኝ አለች፤ እሷም ብዕሯ ባትሪ አይፈልግም፤ የግፊት ደረጃዋ 8192 ነው። ቁጥሩ አራት እጥፍ ስለሆነ አራት እጥፍ የተሻለ መስመር የሚያወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጓደኛዬ ጋ ሞክሬያታለሁ። እኔ የማወጣው መስመር ላይ ልዩነቱን ዓይኔ አላየውም። ብራችሁ ወደዚያ የሚያደርስ ከሆነ ያለ ሐሳብ ግዙት። ስክሪን ያላቸው ታብሌቶች ሌላ ደረጃ ናቸው፤ እጅና ዓይን አንድ ቦታ ይሆናሉ። ዋጋቸውም ሌላ ደረጃ ነው፤ ኤሌክትሪክም ይፈልጋሉ። ከቢሮ ለመውጣት ለምታስቡ ሰዎች እሱን አልመክርም። መጀመሪያ ሥራው እንደሚመጣ እዩ፣ እሱ ራሱ ይገዛላችኋል።

ማን ባይገዛት ይሻላል? ሥራው የፎቶ ማስተካከልና የባነር አቀማመጥ ብቻ የሆነ ሰው ማውዝ ይበቃዋል። ላፕቶፕ የሌለው ሰው መጀመሪያ ላፕቶፕ ይግዛ። ሥዕል በወረቀትም በሌላም ሞክሮ የማያውቅ ሰው ደግሞ ከእርሳስ ይጀምር፤ ይቺ እጅ አትሰጥም፤ ያለውን እጅ ነው የምታሳየው። ለሌላው ሁሉ፣ በተለይ ፊደል ለሚጽፍ፣ ካርድና ሎጎ ለሚሠራ፣ ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ለሚሞክር ሰው፣ ከልቤ እመክራታለሁ።

ስትገዙ ሳጥኑን ሳትከፍቱ አትክፈሉ። ውስጡ ሰሌዳዋ፣ ብዕሩ፣ ገመዱ፣ ሦስት ትርፍ የብዕር ጫፎችና የጫፍ መንቀያ መኖር አለባቸው። ጫፉ ፕላስቲክ ስለሆነ በፍትጊያ ያልቃል፤ ጠርዙ ሲሾል ሰሌዳውን መጫር ስለሚጀምር ቶሎ ቀይሩት። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ብዕሩ የራሷ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሌላ ሞዴል ብዕር ላይሠራላት ይችላል። ድራይቨሩን ቀድማችሁ አውርዳችሁ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ፣ ድራይቨሩን ጭናችሁ፣ ክሪታ ላይ አንድ ረጅም መስመር ቀለል ብላችሁ ጀምሩና እየተጫናችሁ ጨርሱ። መስመሩ ካልወፈረ ብሩን ከኪሳችሁ አታውጡ።